ናፍጣ የሚያንጠባጥበው አሮጌ መኪናና የአሰብ መንገድ ታሪክ

 

ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ዘር፣ ስለ መኖና ስለ ከብት ጤና ነው። ዛሬ ዘሩንም መኖውንም ስለሚያመጣልን አሮጌ የጭነት መኪና እናውራ። አንድ ጊዜ የማሽላ ዘር የጫነ መኪና ጭፍራ ሊገባ ትንሽ ሲቀረው ቆሞብን አደረ። ጠዋት ሞተሩ አልነሳም አለ። ሾፌሩ «ባትሪ ነው» ሲል ረዳቱ ጎንበስ ብሎ ከሞተሩ ስር የረጠበውን አሸዋ አሳየን። ናፍጣ ነበር። መሬቱ ዘንቦበት ዘር እየጠበቀ ነው፤ ዝናብ ደግሞ መኪና እስኪጠገን አይጠብቅም።

ረዳቱ ሲሰራ የሚጠራቸውን ቃላት ልብ አልኩ፦ ፖምፓ፣ ኢኔቶሪ፣ ፊልትሮ፣ ሮንዴላ፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ። ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ናፍጣ የሚለው ቃል ራሱ ከዚያው ነው። እንዴት እኛ ጋ ደረሱ?

የናፍጣ ሞተርን የፈጠረው ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 ሞተሩ በደንብ ሰርቶ ታየ። ይህ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ካንዴላ የለውም። አየሩን ጨምቆ ያግለዋል፤ ናፍጣው በዚያ ላይ ሲረጭ ራሱ ይቀጣጠላል። ለመርጨት ግን ከባድ ግፊት ያስፈልጋል። የቦሽ ፋብሪካ የናፍጣ መርጫ ፖምፓ በብዛት ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1927 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የናፍጣ ጭነት መኪና በየቦታው ተስፋፋ።

ፊያት 634 የተባለው የጣሊያን መኪና እ.ኤ.አ. በ1931 ወጣ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲወር እንዲህ ያሉ መኪኖችን ይዞ መጣ። ሰዉም የቁጥሩን መጨረሻ፣ 34ን፣ በጣሊያንኛ «ትሬንታ ኳትሮ» ብሎ ጠራው። ከአሰብ ተነስቶ በሰርዶና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻና ደሴ የሚደርሰው የመኪና መንገድም የዚያ ዘመን ስራ ነው። ከዚያ በፊት በዚህ በረሃ እቃ የሚያጓጉዘው ግመል ነበር።

ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ወጣ፤ መኪኖቹና ቃላቱ ግን ቀሩ። በኋላ ደግሞ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ፊያት «ኤንትሬ» መጣ። እ.ኤ.አ. በ1967 አሰብ ላይ የነዳጅ ማጣሪያ ሲከፈት የቦቴው ምልልስም ተጨመረ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፤ መኪናው ሁሉ በጋላፊ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ሚሌ ግን ያኔም ዛሬም መተላለፊያ ናት፤ ከሚሌ ወደ ወልድያ የሚሄደው ደግሞ በእኛ በጭፍራ ያልፋል።

በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ሙያው ከሾፌር ወደ ረዳት ሲተላለፍ ኖረ። የድሮ ሞተር ኮምፒውተር የለውም፤ ቁልፍና ካቻቢቴ የያዘ ሰው በረሃ ላይ ሊያስነሳው ይችላል። ጥሩው እውቀት ሲወረስ ግን መጥፎ ልማድም አብሮ ተወርሷል። ስለዚህ እነዚህን ልብ በሉ፦

1. «ትንሽ ጠብታ ነው» አትበሉ። ከሰርባቶዮ እስከ ሳቢው ፖምፓ ባለው መስመር ላይ፣ መኪናው ሲቆም ናፍጣ የሚያወጣው ቀዳዳ ሞተሩ ሲሰራ አየር ያስገባል። አየር የገባበት መኪና ጠዋት አይነሳም፣ ዳገት ላይ ይደክማል። የእኛም መኪና ችግር ይኸው ነበር፤ ባትሪው ምንም አልሆነም።

2. መጀመሪያ ጥረጉ፣ ከዚያ ፈልጉ። ሞተሩን አጥፍታችሁ አቀዝቅዙት፤ ፊልትሮውን፣ ፖምፓውንና ቱቦዎቹን በጨርቅ አድርቁ። ከዚያ ቀድሞ የሚረጥበው የት እንደሆነ ከላይ ወደ ታች እዩ። ናፍጣ ወደ ታች ስለሚወርድ የሚንጠባጠብበት ቦታ የሚፈስበት ቦታ ላይሆን ይችላል።

3. ሮንዴላውን ቀይሩ። የመዳብ ሮንዴላ አንዴ ከተጠበቀ ይደርቃል፤ ዳዶውን አብዝቶ ማጥበቅ ጥርሱን ይበላዋል እንጂ ፍሳሹን አያቆምም። አዲስ ከጠፋ አሮጌውን ከመኪናው ርቃችሁ እሳት ላይ እስኪቀላ አግላችሁ አቀዝቅዙት፤ ይለሰልሳል። የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ግን በላስቲክ አይታሰርም፣ ይቀየራል።

4. ሳሙና ለጊዜው ነው። የሰርባቶዮ ቀዳዳ በሳሙና ተደፍኖ ጋራዥ ያደርሳል። ሰርባቶዮ ናፍጣው ስለተቀዳ ብቻ አይበየድም፤ ውስጡ የቀረው ትነት ይፈነዳል።

5. ከሁሉም በላይ፦ ከፖምፓ ወደ ኢኔቶሪ በሚሄደው ቀጭን የብረት ቱቦ ላይ ሞተሩ እየሰራ ጣታችሁን አታድርጉ! የመኪና ጎማ ግፊት ከ7 እስከ 8 ባር ቢሆን፣ የድሮ ኢኔቶሪ የሚከፈተው በ200 ባር አካባቢ ነው። ከዚያ የሚረጭ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ያህል ሆኖ ባያምም እጅ ያስቆርጣልና ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ሂዱ። ፍሳሹን በካርቶን ፈትኑ፤ ዳዶውን ሞተር አጥፍታችሁ አጥብቁ።

ሲጋራና ክብሪት በአካባቢው አይኑር። የፈሰሰውን ናፍጣ አፈር አልብሱት፤ ከብት ከሚጠጣበት ውሃ፣ ከመኖና ከዘር ጆንያ አርቁት።

የእኛ ረዳት አንዲት ሮንዴላ ቀይሮ፣ በእጅ ፖምፓው አየሩን አስወጥቶ መኪናውን አስነሳው። ዘሩም በዚያው ቀን ደረሰ። ወጣት ረዳቶች ካሏችሁ ይህን አንብቡላቸው። የናንተ መኪና ወይም የመስኖ ፖምፕ ናፍጣ የሚያፈሰው የቱ ጋ ነው? ጻፉልን። ሰላም ሁኑ!