የመረጃ ሉዓላዊነት

የመረጃ ሉዓላዊነት አንድ ነባር ሕዝብ ስለ ራሱ በሚሰበሰብ መረጃ ሁሉ ላይ፣ ደምም ይሁን ተረት ወይም የጤና መዝገብ፣ የመወሰን መብቱ ነው። የካናዳ ፈርስት ኔሽንስ ሕዝቦች ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአራት ቃላት ያብራሩታል፦ ባለቤትነት፣ ቁጥጥር፣ ተደራሽነትና ይዞታ። ከሁሉም የሚከብደው ይዞታ ነው፤ ናሙናው በሌላ ሰው ማቀዝቀዣ ውስጥ ካለ ሌሎቹን ሦስቱን ማስከበር አዳጋች ይሆናል።

በአሜሪካ ግራንድ ካንየን ሸለቆ የሚኖሩት ነባር ሕዝብ፣ ሃቫሱፓዮች፣ ይህን በራሳቸው ላይ በደረሰ ግፍ አይተውታል። በ1990ዎቹ የስኳር በሽታ እያጠቃቸው ስለነበር ለአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደማቸውን ሰጡ። ደሙ ግን ሳያውቁት ለስኪዞፍሬኒያ፣ ለቅርብ ዘመዳሞች መዋለድና ለፍልሰት ታሪክ ጥናት ዋለ። መገኛችን ይኸው ሸለቆ ነው ለሚል ሕዝብ የመጨረሻው በተለይ እምነት የሚነካ ነበር። በ2010 ዩኒቨርሲቲው 700,000 ዶላር ለመክፈልና የቀረውን ደም ለመመለስ ተስማማ።