መነሻ ዋጋ

ወርቅ ቤት የገባ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ «መጨረሻው ስንት ነው?» ሻጩ ከፍ አድርጎ ይጠራል፤ ክርክሩ ቁልቁል ይወርዳል። በኢንተርኔት ጨረታ ግን ዋጋው ሽቅብ ነው የሚሄደው። «መነሻ ዋጋ» ከጋዜጣ የባንክ ሐራጅ ማስታወቂያ የምናውቀው ቃል ነው፤ «ተነሣ» ከሚለው ግሥ የወጣ፣ ዋጋው ጉዞ የሚጀምርበት ቦታ ማለት ነው። ብዙ ሻጮች ግን የሚመኙትን ዋጋ እዚያ ይጽፋሉ። ያ መነሻ አይደለም፤ ቁርጥ ዋጋ ነው፣ ተጫራችንም ያሸሻል።

የእናት የወርቅ መስቀል እንበል፤ 10 ግራም፣ 18 ካራት። ንጹሕ ወርቁ 7.5 ግራም ነው፤ ይህ በዕለቱ ዋጋ ይሰላል። አንጥረኛው በቀጭን ሽቦ የጠለፈው የእጅ ሥራ ግን ሚዛን ላይ አይወጣም። የእሱ ዋጋ የሚታወቀው ሥራውን የወደዱ ሁለት ተጫራቾች ሲፎካከሩ ነው። ስለዚህ መነሻው ከወርቁ ዋጋ ይጠጋ እላለሁ። ከዚያ ዝቅ ካለና አንድ ተጫራች ብቻ ከመጣ፣ የእናት መስቀል ከቀለጠ ወርቅ ባነሰ ዋጋ ይሄዳል፤ «ከዚህ በታች አልሸጥም» የሚል ወለል አስቀድሞ ካልተቀመጠለት በቀር።