ከበቅሎ ቤት እስከ ውይይት፦ የትንሿ ፒክ አፕ ታሪክና ለእኛ ያለው ትምህርት

 በዚህ ልዩ እትም ስለ ምርት፣ ስለ ግብዓትና ስለ ትርፍ ድርሻ ብዙ እንደሚጻፍ አውቃለሁ። እኔ ግን በዩኒየኑ ግቢ ቆማ ስለምናያት አሮጌ ፒክ አፕ መጻፍ መርጫለሁ። ባለፈው ክረምት የፍሪሲዮን ሸራዋ አልቆ በቆመች ጊዜ፣ አንድ መሠረታዊ ማኅበር ምርጥ ዘሩን ያገኘው የመዝሪያው ወቅት ካለፈ በኋላ ነበር። የዚያን ቀን የገበሬዎቹን ፊት ያየ ሰው ነገሩን እንደ ቀላል ሊያልፈው አይችልም።

ያን ዕቃ ፍለጋ ከሾፌራችን ጋር አዲስ አበባ ሄደን፣ ከላንቻ እስከ ካዛንቺስ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ጋራዦች ስንዞር ዋልን። አንድ አዛውንት መካኒክ መኪናዋን ከፊት ከኋላ አይተው፣ «ልጆቼ፣ ይቺ እኮ መሠራቷ ከቀረ ቆየ» አሉን። ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚያ ንግግር ነው። ፋብሪካ አንድን መኪና መሥራት ሲያቆም መኪናዋ ምን ትሆናለች? ባለቤቷስ?

የቂርቆስ ሰፈሮች ለዚህ ጥያቄ ጥሩ አስተማሪዎች ናቸው። በቅሎ ቤት ስሙ እንደሚናገረው ጭነት በበቅሎ ጀርባ ይጓዝ የነበረበትን ዘመን ያስታውሳል፤ ዛሬ በቅሎዎቹ የሉም። ለገሐር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰውን የጅቡቲ ባቡር የሚያስታውስ ነው፤ አሮጌው ባቡር ቆሞ አዲሱ መስመር በ2009 ዓ.ም. በሌላ ጣቢያ ተመረቀ። ላንቻ የሚለው ስም ላንቺያ ከተባለው የጣሊያን መኪና አምራች የመጣ ነው ይባላል፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1969 ወደ ፊያት ተጠቃልሎ ከጊዜ በኋላ የጭነት መኪና መሥራቱን ተወ። ካዛንቺስም በወረራው ዘመን ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት «ካዜ ኢንቺስ» ከተባሉት ቤቶች ስሙን ወሰደ፤ በ2017 ዓ.ም. በተካሄደው የኮሪደር ልማት አብዛኛው የድሮው ሰፈር ፈርሷል። በእነዚህ ሁሉ ቦታዎች ነገሩ ሄዶ ስሙ ቀርቷል። በጋራዥ ውስጥም እንዲሁ ነው፤ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፣ ካቻቢቴ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው።

ወደ ፒክ አፗ እንመለስ። የአዲስ አበባ ነዋሪ በደርግ ዘመንና ከዚያም በኋላ «ውይይት» እያለ የሚጠራት ታክሲ ሌላ ሳትሆን ይቺው ትንሽ ፒክ አፕ ነበረች። በጭነት ሳጥኗ ላይ ክዳን ይሠራላታል፤ በግራና በቀኝ አግዳሚ ወንበር ይገባላታል፤ ሰማያዊና ነጭ ቀለም ትቀባለች። ተሳፋሪው ፊት ለፊት እየተያየ ስለሚቀመጥ፣ ዘመኑም የውይይት ክበብ የበዛበት ስለነበር፣ ስሙ በዚያው እንደወጣላት ይነገራል። በኋላ ሚኒባስ እየበዛ ሲመጣ ውይይት ከመንገዱ እየተገፋች ሄደች። ለጭነት ታስባ የተሠራችው መኪና የሰው ማጓጓዣ ልትሆን የቻለችው ግን ሻንሲዋና ባሌስትራዋ ጠንካራ፣ አሠራሯም ማንኛውም መካኒክ ፈትቶ ሊገጥመው የሚችል ቀላል ስለነበረ ነው።

በአገራችን ከታወቁት ፒክ አፖች ቀዳሚዋ ሃይሉክስ ናት። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1968 ለገበያ ሲያቀርባት የምትገጣጠመው በጃፓን በሂኖ ኩባንያ ፋብሪካ ነበር። መጠኗ አነስተኛ፣ ጭነቷ አንድ ቶን ያህል ሲሆን ይህም በእኛ አነጋገር 10 ኩንታል ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ የናፍጣ ሞተርና አራቱንም ጎማ የሚያሽከረክር አሠራር ተጨመረላት። እ.ኤ.አ. በ2004 ግን ኩባንያው ከቀድሞዋ የረዘመና የሰፋ አዲስ ሞዴል በታይላንድ ማምረት ጀመረ፤ በዚያው ሰሞን በጃፓን የነበረው የሃይሉክስ ምርት ቆመ። ስሟ እስከ ዛሬ አለ፤ ያቺ ትንሿ ግን አትሠራም። በደቡብ አፍሪካም ኒሳን 1400 የተባለችው በጣም ተወዳጅ ትንሽ ፒክ አፕ እ.ኤ.አ. በ2008 ቆማለች፤ የተተካችው ኤንፒ 200ም በ2024 ተከትላታለች።

ታዲያ ምርት ሲቆም ሁሉ ነገር አበቃ ማለት ነውን? ሐረር ይህን አትልም። ፔጆ 404 በፈረንሳይ የአውቶሞቢሉ ምርት እ.ኤ.አ. በ1975፣ የፒክ አፑ ደግሞ በ1988 ቆሟል። የሐረር ባለ ታክሲዎች ግን ፋብሪካው ከተዋት በኋላ ለአሥርት ዓመታት አገልግለውባታል፤ ከተማዋም በእነዚህ መኪናዎች ትታወቃለች። ይህን ያስቻለው የመካኒኮቹ እጅና ከቆሙት መኪናዎች ዕቃ እየፈቱ ማዳን ነው። ስለዚህ መኪና የሚሞተው ፋብሪካው ሲዘጋ ሳይሆን ዕቃውና ዕቃውን የሚያውቅ ሰው ሲጠፉ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ለዩኒየናችን ተራ ወሬ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍተኛ ኤክሳይዝ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ አግዷል። ዘመኑ ወደ ኤሌክትሪክ እየሄደ መሆኑ የታወቀ ነው። የእኛን ፒክ አፕ ሸጠን በዚያው ገንዘብ ሌላ እንገዛለን ማለት ቀድሞ እንደነበረው ቀላል አይሆንም። ትልቁ የጭነት መኪና ደግሞ በክረምት ጭቃ እስከ መሠረታዊ ማኅበራቱ መጋዘን እንደማይዘልቅ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ስለዚህ መኪናዋ ትሸጥ ወይስ ትቆይ የሚለው ጉዳይ ለጠቅላላ ጉባኤ ሲቀርብ፣ አባላት አስቀድመው ሦስት ነገር እንዲጠይቁ አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ቶሎ ቶሎ የሚያልቁት ዕቃዎች ተገዝተው በመጋዘናችን ተቀምጠዋልን? ሁለተኛ፣ መኪናዋን የሚያውቅና ለወጣቶች የሚያስተምር መካኒክ በአካባቢያችን አለን? ሦስተኛ፣ የጥገናዋ ወጪና የጫነችው ኩንታል በመዝገብ ተይዟልን? ባለፈው ክረምት ለሦስቱም መልሳችን «የለም» ነበር። ጥፋቱም የፋብሪካው ሳይሆን የራሳችን ነበር፤ እኔም የዘሩን ሥርጭት ስከታተል ስለ መኪናዋ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም።

የፈለግነውን ሸራ በመጨረሻ አገኘነው፤ ዘሩ ግን ዘግይቷል። በሚቀጥለው ክረምት ተመሳሳይ ስህተት እንዳይደገም ከአሁኑ እንዘጋጅ። ትንሿ ፒክ አፕ እንደ በቅሎ ቤትና እንደ ላንቻ ስም ብቻ ሆና የምትቀርበት ቀን መምጣቱ አይቀርም። እስከዚያው ግን የገበሬው ዘር በወቅቱ ከማሳው ይድረስ።