ንጉሥ ያሳተመውና ደረሳ የገለበጠው

ዛሬ ወደ ከሚሴ የምወስዳችሁ በፓሪስ በኩል አድርጌ ነው። መንገዱ ጠምዛዛ ቢመስልም ያለ ምክንያት አይደለም።

ዣን ባቲስት ሉሊ «አቲስ» የተባለውን ኦፔራ ለመድረክ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1676 ነበር። ሉዊ 14ኛ እጅግ ስለወደደው «የንጉሡ ኦፔራ» የሚል ስም ወጣለት። ሉሊ ካረፈ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1689፣ የነገሥታቱ የሙዚቃ አታሚ የሆነው የባላር ቤት ሙሉ ኖታውን አሳተመ። የዚያ ዘመን ቅጂዎች ዛሬ በቤተ መጻሕፍት እንደ ብርቅ ቅርስ ይጠበቃሉ። «አቲስ» ለረዥም ዘመን ከመድረክ ርቆ ቆይቶ በ1987 ዊልያም ክሪስቲ በፓሪስ ዳግም ሕይወት ሲዘራበት፣ ዘፋኞቹም ተጫዋቾቹም የሞቱት ሥራ ከወረቀት ላይ ተነሣ።

ልብ እንበል፤ ሉሊ ኦፔራ የማሳየት ብቸኛ መብት ከንጉሡ የተቀበለው በ1672 ነበር። ባላርም የሙዚቃ ኅትመት መብቱን ያገኘው ከዘውዱ ነው። የኦፔራዎቹ መቅድም ንጉሡን ያሞግሳል። ዜማው የተረፈው ስላማረ ብቻ ሳይሆን ባለቤት ስለነበረውም ነው።

በእኛም አገር ዜማ በጽሑፍ መስፈሩ አዲስ ነገር አይደለም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የቅዱስ ያሬድን ዜማ በምልክት እንዳደራጁት ይነገራል። ከዚህም በስተጀርባ ደብርና ቤተ መንግሥት ነበሩ።

የወሎ መንዙማ ግን የተጓዘው በሌላ መንገድ ነው። በ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ከተደረገና ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎን ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ካዘዙ በኋላ፣ ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር በተቃውሞው ግንባር ተሰለፉ። እኒሁ ዓሊም በዓጀም፣ ማለትም አማርኛን በዓረብኛ ፊደል በመጻፍ፣ መንዙማ ደርሰዋል። ከከሚሴ ብዙም በማትርቀው ሾንኬ ደግሞ፣ በተራራዋ ላይ በድንጋይ ቤቶቿ በምትታወቀው መንደር፣ ሐጂ ጀውሃር ሐይደር የመሩት የትምህርት ማዕከል ነበር። አታሚ አልነበረም። ሼሁ ያስተምራሉ፤ ደረሳው ይገለብጣል፤ ሐድራ ላይ ድቤው ሲመታ ሕዝቡ ይቀበላል። የማተሚያ ቤቱን ሥራ የሠራው የደረሳው እጅ ነው።

እርግጥ አንዳንድ ሊቃውንት ሥራውን አስተውለውታል። ኤንሪኮ ቼሩሊ የኢትዮጵያ ሙስሊሞችን የአማርኛ ግጥሞች እ.ኤ.አ. በ1926 አሳተመ፤ የእኛው ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድም እ.ኤ.አ. በ2009 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ የወሎን እስልምና ታሪክ በመጻፍ ደክመዋል። ነገር ግን ዓጀም ቃሉን እንጂ ዜማውን አይመዘግብም። ዜማው ያለው በባለ ድምፁ ጉሮሮ ውስጥ ነው። «አቲስ» ከወረቀት ሊነሣ ቻለ፤ ተቀባይ ያላገኘ መንዙማ ግን፣ ግጥሙ በሣጥን ውስጥ ቢገኝ እንኳ፣ እንዴት ይዜም እንደነበር የሚነግረን አይኖርም።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ከሚሴ ሲደርስ ያየነው የሰው ሞትና መፈናቀል ነው፤ ሁሌም መቅደም ያለበት የሰው ነፍስ ነው። ሆኖም በየቤቱ ሣጥን ያለ የእጅ ጽሑፍና በአዛውንት አንደበት ያለ ዜማ አንድ ቅጂ ብቻ ሲኖራቸው፣ አንድ የእሳት ሌሊት ይበቃቸዋል።

መፍትሔው መጽሐፉን ከባለቤቱ ነጥቆ አዲስ አበባ ማጎር አይደለም። ባለቤቱ ፈቅዶ፣ ጽሑፉ ባለበት በፎቶግራፍ ይነሣ፤ ዜማው፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በዓረብኛም፣ ከነድቤው ይቀረጽ፤ አንዱ ቅጂ እዚያው ከሚሴ ይቅር። ፈረንሳይ የንጉሧን ሙዚቃ ያተረፈችው ንጉሡ ስለፈለገ ነው። እኛ ዛሬ ንጉሥ የለንም። የሕዝብን ዜማ ለማትረፍ የሚፈልግ መንግሥት አለን ወይ? ጥያቄው ይህ ነው።