ከጅግጅጋ ወደ ክሊኒካል ሳይኮሎጂ የሚወስደው መንገድ

እ.ኤ.አ. በ1896 ላይትነር ዊትመር በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የሥነ ልቦና ክሊኒክ ሲከፍቱ ጅግጅጋ ገና ትንሽ የጦር ሰፈር ነበረች። ሙያው እዚህ ለመድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ራሱ የተመሠረተው በ2007 ነው። ዛሬ ከዚያ በሳይኮሎጂ ተመርቆ በክሊኒካል ሳይኮሎጂ ማስተርስ መቀጠል የሚፈልግ ወጣት ማመልከቻውን ሲያዘጋጅ የዚህን መዘግየት ታሪክ ቢያውቅ ይጠቀማል።

በአካባቢው አእምሮው የታወከ ሰው መጀመሪያ የሚወሰደው ቁርኣን ወደሚቀሩለት ሼኽ ነው፤ ዛር ያዘው ከተባለም ከበሮና ዕጣን ወዳለበት። ሐኪም የፈለገ ቤተሰብ ደግሞ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ መድረስ ነበረበት። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው አማኑኤል ለብዙ አሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበርና። በዚያው ሆስፒታል በ1987 የሳይካትሪ ነርሶች ሥልጠና ተጀመረ፤ ተመራቂዎቹም በየክፍለ አገሩ ሆስፒታሎች ተመደቡ። ሐኪሞች በአገር ውስጥ በሳይካትሪ እንዲሰለጥኑ ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ በሩን የከፈተው በ2003 ነው። ከዚያ በፊት ስፔሻሊስት መሆን የፈለገ ውጭ አገር ይሄድ ነበር። የክሊኒካል ሳይኮሎጂ ሥልጠና የመጣው ከሁሉ በኋላ ነው።

መከራው ግን ባለሙያ እስኪደርስ አልጠበቀም።

የ1977–78 የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት ብዙ ሶማሌዎችን ከድንበር ወዲያ አሻገረ። በ1988 የሰሜን ሶማሊያዋ ሀርጌሳ በቦምብ ስትደበደብ ስደቱ አቅጣጫውን ቀይሮ ወደ ጅግጅጋ ዙሪያ ጎረፈ። ከከተማዋ በስተምሥራቅ የተቋቋመው ሀርትሼክ በአንድ ወቅት የዓለም ትልቁ የስደተኞች ካምፕ ይባል ነበር፤ የተዘጋው በ2004 ነው። ቀብሪበያህ ካምፕ ላይ ግን ስደተኞች ዛሬም አሉ። በ2018 ጅግጅጋ ውስጥ ጄል ኦጋዴን በሚል ስም የሚታወቀው እስር ቤት ሲዘጋ ማሰቃየት የደረሰባቸው ሰዎች ምስክርነት በይፋ ተሰማ። የሶማሌ ክልል ከኦሮሚያ ጋር በነበረው ግጭት የተፈናቀሉት ደግሞ ባቢሌ አጠገብ ቆሎጂ ሰፈሩ።

ይህን ሁሉ ማን መዘገበው? አብዛኛውን የመዘገቡት ከሩቅ የመጡ ተመራማሪዎች ናቸው። ለአመልካቹ ከሁሉ የሚጠቅመው ካናዳዊቷ ሐኪምና አንትሮፖሎጂስት ክርስቲና ዛሮውስኪ በ1990ዎቹ ከድሬዳዋ በስተምዕራብ ባለችው ሁርሶ፣ ከሶማሊያ ከተመለሱ ሰዎች ጋር ያደረጉት ጥናት ይመስላል። ያን ጊዜ ጦርነት ባለፈበት ሁሉ «ትራውማ» የሚለው ቃል ይከተል ነበር፤ ከአደጋ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት በአሜሪካኖች የአእምሮ ሕመም መመርመሪያ መጽሐፍ ውስጥ የገባው በ1980 ነው። የሁርሶ ተመላሾች ግን ስለ ጦርነቱ ሲጠየቁ የሚያወሩት ስለ ቅዠትና ስለ ድንጋጤ ብቻ አልነበረም። ስለተነጠቀ መሬት፣ ስላለቀ ከብት፣ ስለተዋረደ ክብር፣ ስለማይሰማቸው መንግሥት ነበር። ቁጣቸው የበሽታ ምልክት ሳይሆን የፍትሕ ክስ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው በምልክት መጠይቅ ብቻ መለካት ቅሬታውን ገፍፎ ሕመም ብቻ ማስቀረት ነው፤ ይህን ቀድሞ የተረዳ ተማሪ ከብዙ አመልካቾች ይለያል።

ታዲያ የማስተርስ መግቢያ ለምን ምርምር ይጠይቃል? መልሱ ከ1949 ይጀምራል። በዚያ ዓመት በኮሎራዶ ቦልደር ከተማ የተሰበሰቡ የአሜሪካ ባለሙያዎች ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ሕክምናንም ምርምርንም አጣምሮ መማር አለበት ብለው ወሰኑ። ሐሳቡ ወደ ብዙ አገሮች ተዛምቷል። ስለዚህ ውጤት ብቻውን አይበቃም። በአገር ውስጥ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናም አለ፤ ከዚያ በኋላ የሚመዝነው የተሠራው ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ጅግጅጋ ከአዲስ አበባ የምትበልጥበት ነገር አለ። የመመረቂያ ጽሑፉን ርዕስ ከመማሪያ መጽሐፍ ከመቅዳት ይልቅ ከደጁ የሚያነሣ ተማሪ ብዙ ያገኛል። ጫት በየቀኑ በጅግጅጋ በኩል ወደ ድንበር ከተማዋ ቶጎ ውጫሌ ያልፋል፤ ብዙ ጫት መቃምና ከባድ የአእምሮ ሕመም ያላቸውን ዝምድና የፈተሸ የሀርጌሳ ጥናት በ2005 ታትሟል፣ ከድንበሩ ወዲህ ያለው ጥያቄ ደግሞ ራሱን ችሎ ሊጠና ይችላል። በካምፖቹ የሥነ ልቦናና የማኅበራዊ ድጋፍ ሠራተኛ ወይም አስተርጓሚ ሆኖ መሥራትም ልምድ ነው፤ ሥራውን ያየና የመራው ባለሙያ ካለ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጻፍበት ልምድ ይሆናል። «ትጉህና ጨዋ ተማሪ ነው» የሚለው የመምህር ደብዳቤ ለማንም የሚጻፍ ነው። ተማሪው ስንት ቃለ መጠይቅ እንዳደረገ፣ ያለቀሰችን እናት እንዴት እንደያዘ የሚናገር ደብዳቤ ግን ክብደት አለው።

በማመልከቻ ጽሑፍ ላይ ሐዘንን አብዝቶ መተረክ የተለመደ ነው፤ ብዙም አይረዳም። ኮሚቴው ማወቅ የሚፈልገው አመልካቹ ምን እንደጠየቀ፣ በምን እንደለካ፣ ምን እንዳልሠራለት ነው። የጥናቱን መጠይቅ ወደ ሶማልኛ ተርጉሞ፣ ሌላ ሰው መልሶ ወደ አማርኛ ወይም ወደ እንግሊዝኛ እንዲተረጉመው አድርጎ፣ ሁለቱን አስተያይቶ፣ የማይገጥመውን ጥያቄ ከነምክንያቱ በመመረቂያ ጽሑፉ አባሪ ላይ ያስቀመጠ ተማሪ ለቃለ መጠይቁ የሚይዘው ማስረጃ አለው።