«ሽቦ ልቤ ውስጥ?» የካቴተርና የፔስሜከር ሽቦ አመጣጥ



«ዶክተር፣ ልቤን ልትከፍቱት ነው እንዴ?»

በካቴተር የሚሠራ የልብ ምርመራ ወይም ፔስሜከር ያስፈልጋችኋል ከተባሉ ታካሚዎች ይህን ጥያቄ ደጋግሜ እሰማለሁ። «አይ፣ አንከፍትም፤ በእጅ አንጓ ወይም በብሽሽት በኩል በቀጭን ቱቦ ነው የምንገባው» ስንላቸው አንዳንዶቹ እንዲያውም ይብስባቸዋል። «ሽቦ ልቤ ውስጥ?» ይላሉ። ቀጠሮ ይዘው ሳይመለሱ የሚቀሩም አሉ።

በዚህ ፍርሃት አልፈርድም። ከታካሚዎች በፊት ይህንኑ የፈሩት ሐኪሞች ራሳቸው ነበሩና። ዛሬ ይህ ፍርሃት እንዴት እንደተሸነፈና እነዚህ ቀጫጭን ቱቦዎችና ሽቦዎች ከየት እንደመጡ አወጋችኋለሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በራሱ ልብ ላይ የሞከረው ሐኪም

እስከ 1920ዎቹ መጨረሻ ድረስ በሕይወት ያለ ሰው ልብ ውስጥ ቱቦ ማስገባት ይገድላል ተብሎ ይታሰብ ነበር። በድንገተኛ አደጋ ጊዜ መድኃኒት ልብ ውስጥ ማድረስ ካስፈለገ ረጅም መርፌ በደረት በኩል በቀጥታ ይወጋ ነበር። መርፌው የልብን ደም ሥር ቢቀድ ደም በልብ ዙሪያ ተጠራቅሞ ሰውየውን ሊገድለው ይችላል።

ቨርነር ፎርስማን በርሊን አቅራቢያ ባለችው በኤበርስቫልደ ከተማ የሚሠራ፣ በሃያዎቹ አጋማሽ ዕድሜ ላይ ያለ ጀማሪ ሐኪም ነበር። ከእርሱ በፊት የነበሩ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በፈረስ አንገት ደም ሥር በኩል ቱቦ አስገብተው ልብ ድረስ ማድረሳቸውን የሚያሳይ ሥዕል በመጽሐፍ ውስጥ አይቷል። ፈረሱ ካልሞተ ሰውም ላይሞት ይችላል ብሎ አሰበ። የክፍሉን ኃላፊ ፈቃድ ቢጠይቅ ግን ተከለከለ።

በ1929 ፎርስማን ክልከላውን ጥሶ ሞከረው። ንጹሕ መሣሪያዎቹ የተቆለፈባቸውን ሣጥን ቁልፍ የምትይዘው ነርስ ጌርዳ ዲትሰን ነበረች። ሐሳቡን ሲነግራት «እኔ ላይ ሞክረው» ብላ ፈቀደች። እርሱም ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ እጅና እግሯን ካሰረ በኋላ ዘወር ብሎ የራሱን ክንድ አደነዘዘና ደም መልስ ሥሩን ከፈተ። ያስገባው ቱቦ ለልብ የተሠራ አልነበረም፤ ከኩላሊት ወደ ሽንት ፊኛ ለሚወርደው ቧንቧ የሚያገለግል ቀጭን ካቴተር ነበር። ቱቦው ክንዱ ውስጥ እንዳለ ነርሷን ፈትቶ ከእርሷ ጋር ወደ ራጅ ክፍል ሄደ። መስታወት ተይዞለት ምስሉን እያየ የቱቦውን ጫፍ እስከ ቀኝ የላይኛው የልብ ክፍል ገፋው። ራጅ ተነሣ። አልሞተም።

ሥራውን በዚያው ዓመት አሳተመ፤ ያተረፈው ግን ትችት ነው። በርሊን በሚገኝ ትልቅ ሆስፒታል የነበረውን ቦታ አጣ፤ ልብን ትቶም የሽንት ቧንቧ ሐኪም ሆነ። ታሪኩ ሲነገር መዘለል የሌለበት ሌላም ነገር አለ፦ ከ1932 ጀምሮ የናዚ ፓርቲ አባል ነበር። የሥራው ጥቅም ይህን አይሽረውም።

ቱቦውን ከሙከራ ወደ ምርመራ መሣሪያ ያሸጋገሩት በኒው ዮርክ ቤልቪው ሆስፒታል የሠሩት አንድሬ ኩርናንድና ዲክንሰን ሪቻርድስ ናቸው። በ1940ዎቹ በካቴተር የልብን ግፊት ለኩ፤ ከልብ ውስጥ ደም ቀድተው የኦክስጅን መጠኑን አወቁ። በ1956 ሦስቱም የኖቤል ሽልማትን ተጋሩ። በዚያን ጊዜ ፎርስማን ጀርመን ውስጥ በአንዲት አነስተኛ ከተማ የሽንት ቧንቧ ሕክምና ይሰጥ ነበር።

ቢላውን ያስቀረ ብልሃት

አንድ ችግር ግን ነበር። መርፌ ቀጭን ነው፤ ካቴተር ደግሞ ከመርፌው ይወፍራል። ስለዚህ ጥሩ ቱቦ ለማስገባት ብዙ ጊዜ ቆዳና ደም ሥር በቢላ ይከፈት ነበር።

በ1953 ስቬን ኢቫር ሴልዲንገር የተባለ ስዊድናዊ የራጅ ሐኪም መፍትሔውን አሳተመ። ነገሩ ቀላል ነው፦ መርፌ ይገባል፤ በመርፌው ውስጥ ቀጭን ተጣጣፊ ሽቦ ይሰደዳል፤ መርፌው ይወጣና ሽቦው ይቀራል፤ ካቴተሩ በሽቦው ላይ እየተንሸራተተ ይገባል፤ በመጨረሻ ሽቦው ይወጣል። የሚቀረው የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ቁስል ናት። ለዲያሊስስ በአንገት በኩል ቱቦ የገባለት ዘመድ ካላችሁ፣ ቱቦው የገባው በዚህ ዘዴ ሳይሆን አይቀርም።

ከጓንት ጣት እስከ ወጥ ቤት ጠረጴዛ

ቶማስ ፎጋርቲ የተባለ አሜሪካዊ በጉርምስናው ሲንሲናቲ በሚገኝ ሆስፒታል ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። የረጋ ደም የእግራቸውን ደም ቅዳ ሥር የዘጋባቸው ሰዎች ከባድ ኦፕራሲዮን ተደርጎላቸው እንኳ እግራቸውን ወይም ሕይወታቸውን ሲያጡ አየ። ሕክምና ሲማር መላ ዘየደ፦ በቀጭን ካቴተር ጫፍ ላይ ከቀዶ ሕክምና ጓንት ጣት ቆርጦ ፊኛ ሠራ። ሐሳቡ ፊኛውን ሳይነፉ ከረጋው ደም አሳልፎ፣ እዚያ ነፍቶ፣ የረጋውን ደም እየጎተቱ ማውጣት ነው። ሁለቱን የሚያጣብቅ ማስቲሽ ግን አልነበረም። ከልጅነቱ ዓሣ ማጥመድ ይወድ ስለነበር፣ በመንጠቆ ላይ ሰው ሠራሽ ዝንብ የሚያስርበትን የክር አስተሳሰር ተጠቅሞ አሰረው። ካቴተሩ በ1961 በሰው ላይ ሠራ። ዛሬም በስሙ ይጠራል።

በጥር 1964 ደግሞ በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት የ82 ዓመት አሮጊት እግራቸው ደም አጥቶ ጣቶቻቸው መበስበስ ጀመሩ። ሐኪሞች «ይቆረጥ» አሉ፤ እርሳቸው «አይቆረጥም» አሉ። የራጅ ሐኪሙ ቻርልስ ዶተር የጠበበውን ደም ሥር በተደራራቢ ካቴተሮች ከውስጥ አሰፋው። እግራቸው ሞቀ፤ ቁስሉም ዳነ። እኚህ እናት እስኪሞቱ ድረስ በሁለት እግራቸው ሄዱ።

አንድሪያስ ግሩንትዚግ የዶተርን ሐሳብ ወደ ልብ ወሰደው። ዙሪክ ከተማ ውስጥ በራሱ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ከባለቤቱና ከረዳቱ ጋር ሆኖ፣ ሲነፋ ከተወሰነ ስፋት የማያልፍ ፊኛ ያለው ካቴተር ሠራ። መስከረም 16 ቀን 1977 የልቡ ደም ቅዳ ሥር የጠበበበትን ሰው ደረቱ ሳይከፈት፣ ሰውየው ነቅቶ እያየ፣ በፊኛ አሰፋለት። ዛሬ ለልብ ድካም ሳይሆን ለልብ ደም ሥር መጥበብ የሚደረገው የስቴንት ሕክምና የተገነባው በዚህ ሥራ ላይ ነው።

የፔስሜከር ሽቦስ?

ልብ የራሱ የኤሌክትሪክ መስመር አለው። መስመሩ ሲቋረጥ ምቱ በጣም ይዘገያል፤ ሰውየው ይፈዝዛል፣ ራሱን ይስታል፣ ሊሞትም ይችላል። በ1952 የቦስተኑ ፖል ዞል በደረት ቆዳ ላይ ኤሌክትሪክ በመስጠት ልብን መምታት እንደሚቻል አሳየ። ሕይወት ያድናል፤ ግን ያማል፣ ቆዳም ያቃጥላል።

በሚኒያፖሊስ ደግሞ ዋልተን ሊልሃይ ከልብ ኦፕራሲዮን በኋላ ምታቸው ለቀነሰ ሕፃናት ሽቦ በቀጥታ ልባቸው ላይ እያያዘ ያድናቸው ጀመር። የኤሌክትሪክ ማመንጫው ከግድግዳ ሶኬት ጋር የተገናኘ ነበር። በጥቅምት 1957 የከተማው መብራት ጠፋ። ሊልሃይ ኤርል ባከን የተባለውን የሕክምና መሣሪያ ጠጋኝ መፍትሔ እንዲፈልግ ጠየቀው። ባከን በአንድ መጽሔት ላይ የወጣውን የሜትሮኖም (የሙዚቃ ምት ቆጣሪ) ንድፍ አሻሽሎ፣ በሳምንታት ውስጥ በባትሪ የሚሠራና በሰውነት ላይ ሊታሰር የሚችል ትንሽ መሣሪያ ሠራ።

በጥቅምት 1958 ስዊድን ውስጥ ሐኪሙ ኦከ ሴኒንግና መሐንዲሱ ሩነ ኤልምክቪስት ሙሉውን መሣሪያ በሰው ሰውነት ውስጥ ቀበሩት። የመጀመሪያው ለሰዓታት ብቻ ሠርቶ ቆመ። ታካሚው አርነ ላርሰን ያኔ 43 ዓመቱ ነበር። መሣሪያው ከሃያ ጊዜ በላይ እየተቀየረለት እስከ 2001 ኖረ፤ የሞተውም በሌላ በሽታ፣ በ86 ዓመቱ ነው።

ሆኖም ሽቦውን ልብ ላይ ለመስፋት ደረት መከፈት ነበረበት። ይህን ያስቀረው የኒው ዮርኩ ሲሞር ፈርማን ነው። በ1958 ሽቦውን በደም መልስ ሥር አሳልፎ ቀኝ የታችኛው የልብ ክፍል ውስጥ አስቀመጠው። ያኔ ከታከሙት አንዱ በዚህ ዘዴ ለ96 ቀን የልቡ ምት ተደግፎለታል። የሄደበት መንገድ ፎርስማን በራሱ ክንድ የጀመረው መንገድ ነው።

ከዚያ በኋላ ትልቁ ፈተና ሽቦው ራሱ ሆነ። ልብ በቀን ወደ 100,000 ጊዜ ገደማ ይመታል፤ ሽቦውም በዓመት ከ36 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይታጠፋል። የቀድሞዎቹ ይሰበሩ፣ ከቦታቸው ይንሸራተቱ፣ መሸፈኛቸውም ይቀደድ ነበር። መሐንዲሶች ሽቦውን እንደ ስፕሪንግ ጠመዘዙት፤ በሲሊኮን ወይም በፖሊዩሬቴን ሸፈኑት፤ ጫፉ ላይ ትንሽ መንጠቆ ወይም ብሎን አደረጉ፤ ቁስለት እንዲቀንስም ጫፉ ላይ የስቴሮይድ መድኃኒት ጨመሩበት። አሁን ሽቦ የሌለው፣ ሙሉ በሙሉ ልብ ውስጥ የሚቀመጥ ፔስሜከርም አለ፤ የሚገባውም በብሽሽት በኩል በካቴተር ነው።

እኛን የሚመለከት አንድ ፊኛ

በሀገራችን ብዙ ወጣቶችን፣ በተለይም እናቶችን የሚጎዳው በልጅነት ከሚመጣ የጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብ በር የሚያጠብበው የሩማቲክ ልብ ሕመም ነው። ጃፓናዊው የልብ ቀዶ ሐኪም ካንጂ ኢኖዌ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የጠበበውን በር በፊኛ የሚከፍት ካቴተር ሠራ። በሩ ለዚህ የሚመች ቅርጽ ላላቸው ታካሚዎች ደረት ሳይከፈት እፎይታ ይሰጣል። ለሁሉም አይሆንም፤ የሚለየውም በአልትራሳውንድ ነው።

እንግዲህ እናንተስ?

ይህ ሕክምና ከጉዳት ነፃ ነው አልላችሁም። ደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽን፣ ለራጅ በሚሰጠው ቀለም ምክንያት የኩላሊት ጉዳት ሊያጋጥሙ ይችላሉ። ከባድ ችግር የሚደርሰው ግን በጥቂቶች ላይ ነው። ስለዚህ በፍርሃት ከመቅረት መጠየቅ ይሻላል፦

👉 «ይህ ሕክምና ለእኔ ለምን አስፈለገ? ባላደርገውስ ምን ይሆናል?» ብላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

👉 የኩላሊት ሕመም፣ ስኳር፣ አለርጂ ካለባችሁ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ። መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ።

👉 ፔስሜከር ያለው ሰው መታወቂያ ካርዱን ይያዝ፤ ቀጠሮውን አይዝለል። ኤምአርአይ ሲታዘዝለት አስቀድሞ ይናገር።

👉 መሣሪያው የተቀበረበት ቦታ ከቀላ፣ ካበጠ፣ መግል ካወጣ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ሂዱ። በቤት ውስጥ ምንም ነገር አትቀቡበት።

👉 በድንገት ራሱን የሚስት፣ ምቱ በጣም ዘግይቶ የሚፈዝዘው ሰው በቤታችሁ ካለ «ድካም ነው» ብላችሁ አትለፉት። የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ (ኢሲጂ) ይደረግለት።

የ82 ዓመቷ እናት «እግሬ አይቆረጥም» ባይሉ ዶተር በዚያ ቀን ያንን ሙከራ ባላደረገ ነበር። ታካሚ መጠየቁ፣ አማራጭ መፈለጉ መብቱ ነው። የሚጎዳው ጠፍቶ መቅረቱ ነው። ቀጠሮ ተሰጥቶት ፈርቶ የቀረ የምታውቁት ሰው ካለ ይህን ጽሑፍ አንብቡለት፤ ቢችል ሰው አስከትሎ ወደ ሐኪሙ ይመለስ።

ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ።