ያላበቀልነው ቀረፋ

ከዛሬ አሥር ዓመት በፊት፣ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ይዤ በወጣሁ ሰሞን፣ በአንድ ጋዜጣ የባህል ዓምድ ላይ ስለ ቀረፋ ጽሑፍ አውጥቼ ነበር። ርዕሱን ሳስታውሰው ዛሬም ያሳፍረኛል፤ «ቀረፋን ለዓለም ያበረከትን እኛ ነን» ይላል። ማስረጃዬ አጭር ነበር። የጥንት ግሪኮች ከግብፅ በስተደቡብ ርቆ ያለውን ምድር «ቀረፋ አብቃዩ አገር» ይሉት ነበር፤ ከግብፅ በስተደቡብ ያለነው ደግሞ እኛ ነን፤ ስለዚህ ቀረፋ የእኛ ነው። አለቀ።

ጽሑፉ በወጣ በሦስተኛው ቀን ወደ ዝግጅት ክፍሉ አንድ ሰው ደወሉ። ድምፃቸው የሸመገለ፣ አነጋገራቸው የመምህር ነው።

«ልጄ፣ ጽሑፍህን አነበብኩት። ለመሆኑ የቀረፋ ዛፍ አይተህ ታውቃለህ?»

«አላየሁም፣ ጋሼ» አልኩ።

«እንግዲያው የት እንደሚበቅል ፈልገህ ድረስበትና ንገረኝ» ብለው ስልኩን ዘጉት። ቁጥራቸውን ግን አልሰጡኝም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣም። ሻይ ቤት ገብቼ ቀረፋና ቅርንፉድ የገባበት ሻይ በቀረበልኝ ቁጥር ያ ድምፅ ይመጣብኛል።

መጀመሪያ ስለ ዛፉ። ቀረፋ ብለን ከቅመም ተራ የምንገዛው ነገር ቅርፊት ነው። ስሙም ይኸንኑ ይናገራል፤ ቀረፈ፣ ቅርፊት፣ ቀረፋ። ዐረቦቹም «ቂርፋ» ሲሉ ከዚያው ሥር ነው። ዛፉ ግሪኮች ለአሸናፊ አክሊል ይጎነጉኑለት ከነበረው ከሎረል ቤተሰብ ነው። ጭማቂ ቤት የምንጠጣው አቮካዶም የዚሁ ቤተሰብ ልጅ መሆኑን ሳውቅ ገርሞኝ ነበር። የቀረፋ ወገን ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ አይረግፍም፤ ሙቀትና ብዙ ዝናብ ይወዳል። አገሩም ደቡብና ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። ቅርፊቱ ስስ ሆኖ እንደ ወረቀት የሚጠቀለለው የስሪላንካው ሲሆን፣ ወፍራሙና ጠንካራው ካሲያ የሚባለው የቻይናው ነው። በጥንት ዘመን ግን ቀረፋም ካሲያም ወደ ግብፅና ወደ ሮም የሚሄዱት ከእኛ አካባቢ ነው ይባል ነበር። እንቆቅልሹ ይህ ነው።

ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት ስለ ቀረፋ የጻፈው ለልጆች የሚነገር ተረት ይመስላል። የቀረፋውን እንጨት ትልልቅ ወፎች ከማይታወቅ አገር እያመጡ በገደል ላይ በጭቃ ጎጇቸውን ይሠሩበታል። ዐረቦች የሞተ በሬና አህያ ሥጋ በትልልቁ እየቆረጡ ከገደሉ ሥር ያስቀምጡና ይሸሸጋሉ። ወፎቹ ሥጋውን ወደ ጎጆ ሲያወጡት ጎጆው ክብደቱን መሸከም ያቅተውና ይናዳል፤ ሰዎቹም ሮጠው ቀረፋውን ይለቅማሉ። ካሲያ ደግሞ የሌሊት ወፍ የሚመስሉ ክንፋም አውሬዎች በሚጠብቁት ሐይቅ ዳር ይበቅላል፤ ለቃሚው ዓይኑ ብቻ እስኪቀር ሰውነቱን በቁርበት ይሸፍናል።

ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ የተነሣው ሮማዊው ፕሊኒ በዚህ ተረት ሳቀበት። ዋጋ ለማስወደድ ነጋዴዎች የፈጠሩት ነው አለ። ዋጋው በእርግጥም አስደንጋጭ ነበር። እሱ እንደጻፈው የአንዱ ሊብራ ዋጋ በአንድ ወቅት 1,000 ዲናር ነበረ፤ በኋላም በግማሽ ጨመረ። ሊብራ ከአንድ ኪሎ ሲሶ ጥቂት ያነሰ ነው። በዚያ ዘመን የአንድ ሮማዊ ወታደር የዓመት ደመወዝ 225 ዲናር ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ ወታደሩ አራት ዓመት ተዋግቶ አንድ ቁና የማይሞላ ቅርፊት አይገዛም።

ታዲያ ቀረፋውን ማን ያመጣዋል? ፕሊኒ «ኢትዮጵያውያን» ናቸው ይላል። እኔም ያን ጊዜ ይህቺን ቃል አይቼ ነው የዘለልኩት። ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው ባነብ ኖሮ አላፍርም ነበር። ኢትዮጵያውያኑ ቀረፋውን ከጎረቤቶቻቸው ይገዛሉ ነው የሚለው። ከዚያም መሪ፣ መቅዘፊያና ሸራ በሌለው ታንኳ ጭነው ሰፊውን ባሕር ያቋርጣሉ፤ ባብ ኤል መንደብ አጠገብ ወደነበረችው ኦኬሊስ ወደብ ያደርሳሉ። ሄደው እስኪመለሱ አምስት ዓመት ያህል ይፈጃል፤ ብዙዎቹም በባሕር ይቀራሉ። በምላሹ የሚወስዱት የብርጭቆ ዕቃ፣ የመዳብ ዕቃ፣ ልብስ፣ አምባርና ድሪ ነው። አብቃይ ሳይሆን ነጋዴ! ለዚያውም የጥንቶቹ ጸሐፊዎች «ኢትዮጵያ» ሲሉ ከግብፅ በታች ያለውን የጥቁር ሕዝብ አገር በጠቅላላ ማለታቸው እንጂ የዛሬዋን ካርታ ማለታቸው አልነበረም።

በዚያው በመጀመሪያው መቶ ዓመት ስሙ ያልታወቀ አንድ ግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ የቀይ ባሕርንና የሕንድ ውቅያኖስን ወደቦች ዕቃ እየዘረዘረ መዝግቧል። «ፔሪፕለስ» የሚባለው መጽሐፍ ነው። እኔ በዚህ ሰው ላይ እምነት አለኝ፤ ተረት አይወድም፣ የሚያወራው ስለ ሸቀጥ ነው። ስለ አዱሊስ ሲጽፍ ከአክሱም አገር የሚወጣውን የዝሆን ጥርስ፣ የኤሊ ልብስና የአውራሪስ ቀንድ ይቆጥራል። ቀረፋ የለም። ካሲያ የሚጫነው ከአዱሊስ በስተደቡብና በስተምሥራቅ፣ በዛሬዋ ሶማሊያ ሰሜናዊ ጠረፍ ካሉ ወደቦች ነው፤ በተለይ ሞሲሎን ከምትባለው ከፍተኛ መጠን ስለሚወጣ ትልልቅ መርከብ ያስፈልጋል ይላል።

ያ ጠረፍ ዝናብ ብርቅ የሆነበት ምድር ነው። ዕጣን በዚያ ይበቅላል፤ ይህ እውነት ነው። ውኃ የሚወደው የቀረፋ ዛፍ ግን በዚያ ዐለት ላይ አንድ ክረምት አይከርምም። ገዢው ዕጣኑ ከዚሁ መሆኑን ስለሚያውቅ ከጎኑ የተከመረውም ቀረፋ ከዚሁ ነው ብሎ ደመደመ። ከእኔ ስሕተት ጋር አንድ ነው፤ የሸጠውን ሁሉ አብቃይ ማድረግ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። የፔሪፕለሱ ጸሐፊ ከሕንድ ወደቦች የሚጫን «ማላባትሮን» የተባለ መዓዛማ ቅጠል ይጠቅሳል። ይህ ቅጠል የሕንዱ የቀረፋ ዘመድ ቅጠል ነው። ሮማውያን ቅጠሉን ከሕንድ፣ ቅርፊቱን ከአፍሪካ ይገዙ ነበር ማለት ነው፤ የአንድ ወገን ዛፎች መሆናቸውን ሳያውቁ። ምሥጢሩን የጠበቀው ሰው ምን ያህል ጎበዝ ነበር!

ሊቃውንቱ እስካሁን ይከራከራሉ። ኢነስ ሚለር የተባለው እንግሊዛዊ በ1969 (እኔ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የፕሊኒን ታንኳዎች ይዞ፣ ቀረፋው ከኢንዶኔዥያ ተነሥቶ በማዳጋስካር በኩል ወደ ሶማሊያ ጠረፍ ይመጣ ነበር አለ። ማንፍሬድ ራሽከ በ1978 ተቃወመው፤ የጥንቱ ቀረፋና የዛሬው ቀረፋ አንድ ተክል አይደሉም ባይ ነው። ደይር ኤል ባሕሪ ባለው በንግሥት ሐትሼፕሱት ቤተ መቅደስ ከጶንጥ ምድር ከመጡት ዕቃዎች መካከል አንዱን ብሬስተድ «የቀረፋ እንጨት» ብሎ ተርጉሞታል፤ ከኋላው የመጡት ግን ትርጉሙን ይጠራጠሩታል። በሌላ በኩል በ2013 የወጣ ጥናት፣ ሦስት ሺህ ዓመት ገደማ ባስቆጠሩ የፊንቄ ትናንሽ የሸክላ ጠርሙሶች ውስጥ ለቀረፋ ጠረኑን የሚሰጠው ንጥረ ነገር መገኘቱን አሳወቀ። እኔ ወደዚህ አደላለሁ። እውነተኛው ቀረፋ ከምሥራቅ በባሕር ይመጣ ነበር፤ የእኛ አካባቢ ሰዎችና ዐረቦች ተቀብለው አሳለፉት፤ የመጣበትንም አልተናገሩም።

በስድስተኛው መቶ ዓመት አዱሊስ ደርሶ የነበረው ኮስማስም የዚያ ጠረፍ ሰዎች ዕጣንና ካሲያ ይዘው ወደ አዱሊስ፣ ወደ ሂምያር፣ ወደ ፋርስ እንደሚልኩ ጽፏል። እንግዲህ አዱሊስ የቀረፋ ገበያ ነበረች። ይህ ያንስብናል? ለእኔ በመቅዘፊያ አልባ ታንኳ አምስት ዓመት ከባሕር ጋር ታግሎ የተመለሰ ሰው፣ ዛፍ በጓሮው ስለ በቀለለት ብቻ ከሚኮራ ሰው ይበልጥብኛል።

በጓሮው የበቀለለትማ ምን እንዳገኘ ታሪክ ጽፎታል። ፖርቱጋሎች በ1505 ስሪላንካ ደረሱ። ብዙም ሳይቆዩ ኮሎምቦ ላይ ምሽግ ሠርተው የኮቴን ንጉሥ ቀረፋ አስገበሩት። በ1658 ሆላንዶች አስወጥተዋቸው የደሴቲቱን ጠረፍ ያዙ። ቀረፋ መላጥ የሳላጋማ ወገኖች የዘር ግዴታ ስለ ነበር ከነልጆቻቸው ጫካ እየገቡ የተመደበባቸውን ያስረክባሉ። ከኩባንያው ተሰውሮ ቀረፋ መላጥም ሆነ መሸጥ በሞት እስከ መቅጣት ያደርስ ነበር። እንግሊዞች በ1796 ተተኩ፤ የመንግሥት ብቸኛ ንግዱ የቀረው በ1833 ነው። የወፎቹን ተረት የፈጠረው ነጋዴ ለትርፉ ብሎ ነው፤ ሳያስበው ግን የዚያችን ደሴት ሰዎች ሁለት ሺህ ዓመት ሸሽጎ አቆያቸው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሌላ ጉዳይ ቴፒ ሄጄ ነበር። በዚያ ያለው የቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከል ከውጭ የመጡ የቀረፋ ዛፎች ተክሏል። የደቡብ ምዕራቡ ዝናብና ሙቀት ተስማምቷቸዋል። አንድ ሠራተኛ ቅርንጫፍ ቆርጦ የላይኛውን ቅርፊት በቢላዋ ፋቀልኝና ውስጠኛውን ላጠው፤ እጄ ላይ ሳለ ጠርዙ መጠቅለል ጀመረ። ቅጠሉን ጨምቄ አሸተትኩት። ሻይ ሻይ ይላል።

ያ ጋዜጣ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ስልኩም አይሠራም። ምናልባት ይህ ገጽ እጅዎ ከገባ፦ አየሁት፣ ጋሼ። ለጋ ቅጠሉ ሲወጣ ቀይ ነው፤ አረንጓዴ የሚሆነው ኋላ ነው።